ያገለገለ ጀልባ፣ ለዓሣም ለቤተሰብም፦ ጥያቄና መልስ ከመልህቅ ጋር

ሰሞኑን በቡድናችን ውስጥ «ጀልባ ልገዛ ነው» የሚል ሰው በዝቷል። ስለዚህ ዛሬ ማታ መልህቅን ለምነን አምጥተነዋል። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ 18 ዓመት የጀልባ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል፤ እረፍት ሲያገኝ ደግሞ እዚያው ቨርጂኒያ ካለው ሐይቅ፣ ከሌክ አና፣ አይጠፋም። የፈለጋችሁትን ጠይቁት። ሲቆጣ አትቀየሙት።

መልህቅ፦ እሺ፣ እንደምን አመሻችሁ። ከመጀመራችን በፊት አንዲት ነገር ልበል። ጀልባውን ውሃ ላይ አውጥታችሁ ሳትነዱት ብር አትስጡ። ቀብድም ቢሆን። ይህን ዛሬ አሥር ጊዜ ነው የምደግመው። አሁን ጠይቁ።

የሦስት ልጆች አባት (ስፕሪንግፊልድ)፦ ጋሽ መልህቅ፣ እኔ ዓሣ ማጥመድ ነው የምወደው። ባለቤቴ ደግሞ ልጆቹን ይዘን ምሳ ቋጥረን የምንውልበት ትፈልጋለች። ሁለቱንም የሚሆን አንድ ጀልባ አለ? ያለን 12,000 ዶላር ነው።

መልህቅ፦ አለ፣ ግን ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ነው የሚሆነው። ይህን ከአሁኑ ተስማሙ፣ በኋላ እንዳትጣሉ።

ባስ ጀልባ የሚባለውን እርሳው። ለአጥማጅ ገነት ነው፤ ለልጅ ግን ጠርዙ ዝቅ ያለ፣ የሚያዝ ነገር የሌለው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ነው። ከፊት ወንበር ያለው የሚያብረቀርቀው ባውራይደር ደግሞ ለፎቶ ያምራል። የመንጠቆ ዘንግ ማስቀመጫ የለውም፤ በዚያ ላይ የአብዛኛው ሞተር ሆዱ ውስጥ ነው የተቀበረው። እዚህ አገር ክረምት ላይ ውሃው ሳይወጣለት አንድ ሌሊት ከበረደው የሞተሩ ብሎክ ይሰነጠቃል። ሻጩ በፕላስቲክ ማጣበቂያ ደፍኖ ቀለም ቀብቶ ይሸጥልሃል። አይቻለሁ።

ለአንተ የምመርጠው 17 ወይም 18 ጫማ የሆነ አሉሚኒየም ነው። ሆዱ ጥልቅ የሆነ፣ የፊት መስታወት ያለው፣ የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ መቆሚያ የሚሆን። ሞተሩ ከውጭ የሚንጠለጠል ፎርስትሮክ (ባለ አራት ምት)፣ ከ90 እስከ 115 የፈረስ ጉልበት። ጠርዙ ትንሹ ልጅህ ሲቆም ደረቱ ጋ መድረስ አለበት። እዚያው ሻጩ ግቢ ልጁን አቁመህ ለካ። በ12,000 አዲስ የሚመስል አታገኝም። አሥራ አምስት ዓመት ያለፈው፣ በደንብ የተያዘ ግን ይገኛል። ብሩን በሙሉ ግን አትጨርሰው። ሁለት ሺውን ለጎማ፣ ለባትሪና ለላይፍ ጃኬት አስቀር።

ፖንቱን ወዳጅ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ለቤተሰብ ከፖንቱን፣ በባዶ ቱቦዎች ላይ ከሚንሳፈፈው ጠፍጣፋ ጀልባ፣ የተሻለ ምን አለ? እኔ ሽንት ቤት ሁሉ ገጥሜበታለሁ።

መልህቅ፦ ለቤተሰብ አልከራከርህም። ፀጥ ባለ ውሃ ቡና አፍልተህ ትጠጣበታለህ። ንፋስ ሲነሳ ግን እንደ ጣራ ቆርቆሮ ነው የሚወስድህ፤ ዓሣ ያለበት ቦታ ላይ ቀጥ አድርገህ ለማቆም ትቸገራለህ። ሰውዬው ደግሞ ዓሣ ነው ያለው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጥሩ ጀልባ የቱ ነው?

መልህቅ፦ ለምን ሥራ? ለስንት ሰው? የት ሐይቅ? በስንት ብር? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

ካምሪ ነጂ፦ ካምሪ ነው ያለኝ። ይጎትታል?

መልህቅ፦ አይጎትትም።

ካምሪ ነጂ፦ ትንሽ ጀልባ ቢሆንስ?

መልህቅ፦ ካያክ ጣራው ላይ ጫን። ሲዬና፣ የቶዮታን የቤተሰብ ቫን፣ ያላችሁ እስከ 3,500 ፓውንድ ትጎትታላችሁ። ጀልባው፣ ሞተሩ፣ ትሬለሩ (ጀልባው ተጭኖ የሚጎተትበት ጋሪ)፣ ነዳጁ፣ ዕቃው ሁሉ ተደምሮ ነው ታዲያ። ሻጩ የሚነግራችሁ የባዶውን ጀልባ ክብደት ብቻ ነው።

የሀዋሳ ልጅ፦ ባለፈው ስለ ትራንሰም መበስበስ አንስተህ ነበር። እስኪ በደንብ አስረዳን።

መልህቅ፦ ይኸውልህ፣ ጥያቄ ማለት ይህ ነው።

ትራንሰም ማለት ሞተሩ የተንጠለጠለበት የኋላ ግድግዳ ነው። በብዙ የቆዩ ጀልባዎች ከላይ ፋይበርግላስ ይሁን እንጂ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው፣ እንጨት። አንድ ሰው ለዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ብሎን ይበሳል፤ ቀዳዳውን በደንብ አይደፍነውም። ውሃ በዚያች ይገባል። አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት። ከውጭ ምንም አይታይም።

የመጀመሪያ ጀልባዬን የገዛሁት እንዲህ ሆኜ ነው። በ2009 ነው፤ መካኒክ ነኝ ብዬ ኮርቼ ሞተሩን ብቻ አየሁ። ሞተሩ እንደ ሰዓት ነበር የሚሠራው። ማታ በስልክ መብራት አይቼ ገዛሁ። በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ሌክ አና ወረድኩ። ባለቤቴ ፍርፍሩን በሰሃን እያቀረበች «ይሄ ወለል ይረግባል እንዴ?» አለችኝ። ስረግጠው እንደ ገንፎ ነው። ፍጥነት ስጨምር ኋላው ጠቅ ጠቅ ይላል። ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ የሞተሩን አንዱን ቡሎን ፈትቼ ካቻቢቴ ስሰድበት እስከ እጀታው ገባ። የሻይ ቅጠል የመሰለ ውሃ ወጣ። ልጆቼን ያንን ይዤ ነበር መሀል ሐይቅ የገባሁት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በካቻቢቴ እጀታ የኋላውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አንኳኩ። ደህናው ጠንካራና ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የበሰበሰው እንደ ዱባ ድፍን ያለ ነው። ሁለተኛ፣ ሞተሩን ግማሽ አንሡትና ከታች በኩል በክብደታችሁ ተጫኑት፤ ሌላ ሰው ግድግዳውን ይይ። ከተለመጠ ሂዱ። ሦስተኛ፣ በየቡሎኑ ዙሪያ የተሰነጠቀ መስመር ወይም ቡናማ እንባ ፈልጉ። አራተኛ፣ ወለሉን ጥግ ጥጉን በተረከዛችሁ እርገጡ።

ገዢ 77፦ አሉሚኒየም ከሆነ ግን አይበሰብስም አይደል?

መልህቅ፦ ይህን ነው የምፈራው። አሉሚኒየሙ አይበሰብስም። የብዙዎቹ ትራንሰም ውስጥ ግን ያው እንጨት ነው ያለው። ከወለሉ ሥር ደግሞ ፎም፣ ለመንሳፈፊያ የሚሞላ ስፖንጅ መሰል ነገር፣ አለ፤ ውሃ ሲመጥ ይከብዳል። ከተጠራጠራችሁ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አውጡት። መሆን ካለበት ክብደት በ400 ፓውንድ ከበለጠ የምትገዙት ውሃ ነው።

ኢቪንሩድ ያየ፦ የ2012 ኢቪንሩድ ኢ-ቴክ ሞተር ያለበት ጀልባ በርካሽ አገኘሁ። ልያዝ?

መልህቅ፦ ሞተሩ ክፉ አይደለም። ፋብሪካው ግን በ2020 ማምረት አቁሟል። ዕቃው ይገኛል፣ የሚያውቀው መካኒክ ግን እየቀነሰ ነው። ርካሽ የሆነው ለዚያ ነው። ሰፈርህ የሚሠራልህ ሰው ካለ ያዝ፣ ከሌለ ያማሃን ወይም ሱዙኪን ፈልግ።

እናት ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ባለቤቴ ሊገዛ ቆርጧል። እኔ ዋና አልችልም። ትልቁ ልጄ 9፣ ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። ፍርሃቴን ለማን ልንገር?

መልህቅ፦ ለእኔ ንገሪኝ፣ እህቴ። ፍርሃትሽ ልክ ነው።

የልጆች ላይፍ ጃኬት በክብደት እንጂ በዕድሜ አይገዛም። መለያው ላይ ተጽፏል፦ ከ30 ፓውንድ በታች፣ ከ30 እስከ 50፣ ከ50 እስከ 90። ካለበስሻት በኋላ ትከሻው ላይ ያዥና ወደ ላይ ሳቢ። አገጯን አልፎ ጆሮዋ ጋ ከደረሰ ሰፊ ነው። «ትልቅ ልግዛና ታድግበት» የሚባለው የእኛ ነገር እዚህ አይሠራም። በአየር የሚነፋውን ለልጅ አትግዢ፤ ከ16 ዓመት በታች ላለ አይሆንም። በሜሪላንድ ከ21 ጫማ በታች በሆነ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባው ሲንቀሳቀስ መልበስ ግዴታው ነው። በእኔ ጀልባ ግን አንቺም ትለብሻለሽ፣ ባልሽም ይለብሳል።

ሌላ፦ ሞተሩ እየሠራ ልጆች ከኋላ መወጣጫው ላይ አይቀመጡም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ባልሽ ደግሞ የሞተር ማጥፊያዋን ገመድ ከሰውነቱ ጋር ይሰር። ከ2021 ጀምሮ ሕግ ነው። ሲወድቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ ካልሆነ ጀልባው ዞሮ ይመጣበታል። የሚሸጠው ጀልባ ላይ ያች ገመድ ከሌለች ጠይቁ፤ ካለች ስባችሁ ሞተሩ መጥፋቱን እዩ።

የሀዋሳ ልጅ፦ ሌክ አና ላይ አምባዛ ይያዛል?

መልህቅ፦ ይያዛል።

ወንጌላዊው፦ አምባዛ ደግሞ ማን ይበላል? ቅርፊት የለውም እኮ።

የሀዋሳ ልጅ፦ በሽሮ ሰልችቶህ እንዳይሆን። እኔ በሚጥሚጣ ጠብሼ ብሰጥህ ስሙን አትጠይቅም።

ወንጌላዊው፦ ቀልድ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያንን አንብብ።

ሰንበት፦ እሱን ተዉት፣ መጀመሪያ በጾም ዓሣ ይበላል ወይ የሚለውን እንፍታ። አያቴ በጾም ሽታውም አይደርሳትም ነበር።

ገዢ 77፦ የእኛ ቤት ደግሞ ከሁዳዴ በስተቀር ይበላ ነበር።

ሰንበት፦ እናንተማ...

መልህቅ፦ ይህን የንስሐ አባቶቻችሁን ጠይቁ። እኔ ስለ ጀልባ ነው የተጠራሁት።

ሰዓት ቆጣሪ፦ 900 ሰዓት የሠራ ሞተር ብዙ ነው? ሌላ ደግሞ 60 ሰዓት ብቻ የሠራ 2008 አይቻለሁ።

መልህቅ፦ የ900ውን እይ። በየ100 ሰዓቱ ሰርቪስ መደረጉን ደረሰኝ ካሳየህ እሱ ሰው የያዘው ሞተር ነው። 60 ሰዓት የሠራው ግን ቆሞ ነው የኖረው። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ውስጡ ደርቋል፣ ጎሚኒዎቹ ጠንክረዋል። ጀልባ የሚሞተው ሲቆም ነው።

ካንዴላዎቹ ወጥተው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የየሲሊንደሩ ግፊት፣ ይለካ። የሲሊንደሮቹ ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ተወው። የካምቢዮውን ዘይት ከታች ትንሽ አፍስስ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ሞተሩን ሲያስነሱልህ በእጅህ ንካው፤ ከሞቀ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው። ቀዝቃዛውን ነው ማየት ያለብህ። ከዚያ ውሃ ላይ ውጣ። ስንት ጊዜ ልበል?

ቡርክ አካባቢ፦ ቡርክ ሌክ ለቤቴ 10 ደቂቃ ነው። 90 ፈረስ ብገዛ...

መልህቅ፦ ቡርክ ሌክ የቤንዚን ሞተር አይፈቀድም፣ በኤሌክትሪክ ብቻ ነው። የኦኮኳን ግድብ ሐይቅ ደግሞ ከ10 ፈረስ በላይ አይሆንም። መጀመሪያ ሐይቁን ምረጥ፣ ቀጥሎ ሞተሩን። ሰው ተቃራኒውን ያደርግና ሰኞ ሊሸጥ እኔ ጋ ይመጣል።

ወረቀት፦ ስለ ሰነዱስ?

መልህቅ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ የጀልባው ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ከዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ የትሬለሩ ከዲኤምቪ፣ ከተሽከርካሪ መሥሪያ ቤቱ። ሁለት ወረቀት ነው። ሻጩ አንዱን ብቻ ይዞ «ሌላው ይመጣል» ካለህ፣ ሲመጣ ትገዛለህ። ከኋላ በስተቀኝ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለ፤ ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሞዴሉ ዓመት ናቸው። የባንክ ዕዳ እንዳለበትም ጠይቅ።

ትሬለሩንም እዩ፣ ማንም አያየውም። ጎማው ላይ አራት ቁጥር አለ፤ 2316 ካለ በ2016 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ቀይሩት። አሥር ማይል ጎትታችሁ ቁሙና የጎማውን መሀል ንኩ። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ኩሽኔታው ሊያልቅ ነው፤ ወይ ግራሶ አይቶ አያውቅም።

ባሕር ዳር ናፋቂ፦ አንድ ገዝቼ ጣና ላይ ላስገባ ብዬ ነበር። ማጓጓዣና ቀረጡ ስንት ይሆናል?

መልህቅ፦ አላስገባሁም፣ አልመልስም። ጉምሩክ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ።

ችኩል፦ ጋሼ፣ ሰውዬው ግቢው ውስጥ በጎማ ቱቦ ውሃ እያጠጣ ሞተሩን ሲያስነሳ ቪዲዮ ላከልኝ። ድምፁ አሪፍ ነው። ሌላ ገዢ አለ ብሎኛል። 500 ቀብድ ልላክ?

መልህቅ፦ እስካሁን ምን ስል ነበር?

ችኩል፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት።

መልህቅ፦ ሌላ ገዢ ሁሌም አለ። ከ18 ዓመት ወዲህ ያ ሌላ ገዢ ገዝቶት የሄደ ጀልባ አላየሁም። በቱቦ የሚሠራ ሞተር ጭነት የለበትም። ውሃ ላይ በሙሉ ጉልበት አምስት ደቂቃ ሲሄድ ነው የሚታወቀው። የኋላውን ፎቶ ላክልኝ፣ ቅርብ ሆኖ የተነሣውን።

ችኩል፦ ይኸው።

መልህቅ፦ በግራ የላይኛው ቡሎን ሥር ያለችው ቡናማ መስመር ትታይሃለች? እንደ እንባ የወረደችው።

ችኩል፦ ዝገት መስሎኝ።

መልህቅ፦ ቡሎኑ የማይዝግ ብረት ነው። ዝገት ከየት መጣ? ሰውዬው የት ነው?

ችኩል፦ ዉድብሪጅ።

መልህቅ፦ ቅርብ ነው። ቅዳሜ 7 ሰዓት ጠዋት እመጣለሁ። ሞተሩን እንዳያሞቀው ንገረው። የውሃ ማፍሰሻው ውታፍ መኖሩንም ጠይቅልኝ።

ችኩል፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! 7 ሰዓት በሐበሻ ነው በፈረንጅ?

መልህቅ፦ «ጠዋት» አልኩህ እኮ። ካቻቢቴ ይዘህ ጠብቀኝ። ብር አትያዝ።