የፊዚክስ ወሬና የወሎ ጥያቄ

ደሴ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ሰሞኑ የፊዚክስ ወሬ የከነከናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የቤት ሥራ የላካችሁ ተማሪዎች አብሽሩ፣ አይቻችኋለሁ። እሱን ራሳችሁ ሥሩ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ)፦ አሜሪካኖች የፀሐይን ኃይል ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠሩ፣ ከከተቱት በላይ አወጡ ተባለ። ታዲያ መብራቱ የታለ?

መልስ፦ ወሬው እውነት ነው፤ የተወራው ግን ግማሹ ነው። ነገሩ የሆነው ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ናሽናል ኢግኒሽን ፋሲሊቲ በሚባለው ተቋም ነው። 192 የሌዘር ጨረሮች ሁለት ዓይነት ሃይድሮጅን የያዘች ትንሽዬ እንክብል አፍነው አቀጣጠሉ። በሌዘር የገባው 2.05 ሜጋ ጁል (ጁል የኃይል መለኪያ ነው)፣ የወጣው 3.15 ሜጋ ጁል። ትርፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህም ውጤቱ ጨምሯል።

አንተ ግን ቆጣሪ የምታነብ ሰው ነህ። ሌዘሩ ራሱ ከመስመር ስንት ሳበ ብለህ ጠይቅ። ወደ 300 ሜጋ ጁል! የወጣው ደግሞ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ለ15 ደቂቃ ቢያሠራ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እየተገነባ ያለው፣ ኢተር የሚባለው ትልቅ የፀሐይ ዓይነት ኃይል መሞከሪያ እንኳ ለምርምር ብቻ ነው፤ ለማንም ቤት መብራት አይሰጥም። የምርምር ሥራውን ለመጀመር የታሰበውም በፈረንጆቹ 2034 ነው። ስለዚህ ሶላሩን ግዛ፣ አትጠብቅ።

ጥያቄ (ከሐይቅ፣ ጡረታ የወጡ አባት)፦ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር 27 ኪሎ ሜትር ዋሻ ቆፍረው ቅንጣት ያጋጫሉ አሉ። ያ ሁሉ ገንዘብ ለተራበ ሰው ቢሆን አይሻልም? የ77ቱን ድርቅ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ።

መልስ፦ አባቴ፣ ይህ ጥያቄ ከእርስዎ አፍ ሲወጣ ይከብዳል። እዚያ በፈረንጆቹ 2012 የተገኘችው፣ ሌሎች ቅንጣቶች ክብደት ከየት እንደሚያገኙ የምትነግረን የሂግስ ቅንጣት እስካሁን ለማንም እህል አልሆነችም። ትሆናለች ብዬም አልዋሽዎትም። ሰርን የሚባለው የዚያ ምርምር ማዕከል ሰዎች እንዲህ ሲጠየቁ ድረ ገጽ የተፈለሰፈው እኛ ዘንድ ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ በፈረንጆቹ 1989 ነው። እኔን ግን ይህ መልስ አያረካኝም።

ይልቅ ሌላውን ልንገርዎት። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል። ዓይናችን የማያየውን፣ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ደግሞ ወደ ላይ ይመልሳል። ሲጠወልግ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ሳተላይት ይህንን ከሰማይ ይለካል። የደመናውን ጫፍ ቅዝቃዜም በሚወጣው ጨረር ይለካል፤ በጣም የቀዘቀዘ ረጅም ደመና ብዙውን ጊዜ ዝናብ ያዘለ ነው። ከጨረር ሙቀትን የማንበብ ስሌት የመጣው በፈረንጆቹ 1900 ፕላንክ ከሚባል ጀርመናዊ ነው። ሰውዬው ስለ ድርቅ አላሰበም፤ የጋለ ነገር ለምን እንደዚያ እንደሚያበራ ነበር የጨነቀው።

ከ77ቱ እልቂት በኋላ አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1985 የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያቋቋሙት በእንዲህ ዓይነት መረጃ ነው። ዛሬ ደላንታ ላይ በልግ ሲቀር ሪፖርቱ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን እስኪጓዝ መጠበቅ የለም። ብቻ ሳተላይት ጎተራ አይከፍትም። በ66ም ቢሆን ወሎ መራቡ ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም፤ ተደብቆ ነው። ለዚህ ፊዚክስ መድኃኒት የለውም።

ጥያቄ (ከወልድያ፣ ተማሪ)፦ የ2024 የፊዚክስ ኖቤል ለምን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰዎች ተሰጠ?

መልስ፦ ተሸላሚዎቹ ሆፕፊልድና ሂንተን ናቸው። ሆፕፊልድ በፈረንጆቹ 1982 ጥቃቅን ማግኔቶች እርስ በርስ እየተሳሳቡ የሚረጋጉበትን ስሌት ወስዶ፣ ትዝታ የሚይዝ መረብ ሠራበት። ያ ፊዚክስ ነው። ሂንተንም ቦልትዝማን ከሚባለው የፊዚክስ ሊቅ ስሌት ነው የተነሣው። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ሸላሚዎቹ ሂንተን ላይ ሲደርሱ ትንሽ ወደ ኮምፒውተሮቹ ሰፈር ተሻግረዋል።

ጥያቄ (ከደሴ ፒያሳ፣ ሞባይል ጠጋኝ)፦ ኳንተም ኮምፒውተር የባንክ ሚስጥር ይሰብራል ወይ?

መልስ፦ በጥቃቅን ቅንጣቶች ጠባይ የሚያሰላው ይህ ኮምፒውተር ዛሬ አይሰብርም። ዘዴው ከፈረንጆቹ 1994 ጀምሮ በወረቀት ላይ አለ፤ ማሽኑ ግን ገና ስህተት ያበዛል። ለዚያ ቀን የሚሆን አዲስ ምስጠራም በ2024 አሜሪካ ውስጥ ጸድቋል። አንተን አሁን የሚያሰጋህ ደውሎ «የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ» የሚልህ ሌባ ነው።

ጥያቄ (ከመርሳ፣ እናት)፦ ልጄ ፊዚክስ ካልተማርኩ ብላለች። እንጀራ ይሆናታል?

መልስ፦ እትዬ፣ ሀብት አይሆንም። ሥራ ግን አለው። ማስተማር አለ፣ ሜትሮሎጂ አለ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ፍለጋ አለ። የካንሰር ጨረር ሕክምና ያለ ፊዚክስ ባለሙያ አይካሄድም፤ መጠኑን የሚያሰላው እሱ ነውና። ይህንን ብዙ ወላጅ አያውቀውም። ልጅዎ ደግሞ ስለ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ታንብብ። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆነው ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በፈረንጆቹ 2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለሰብአዊ መብት የቆሙ ሳይንቲስቶች የሚያገኙትን የሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ቀን ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ቀኑን አውቃለሁ የሚላችሁን አትመኑ። የሆነውን ግን በደንብ መለካት ይቻላል። በ1998 ዓ.ም መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የመሬት ክፍል በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ሲላቀቅ፣ ስፋቱ በራዳር ሳተላይት ተለክቷል። እናንተ ዘንድ ደግሞ በ1953 ዓ.ም በካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች። ስለዚህ ስለ ቀኑ ሳይሆን ስለ ቤታችሁ ብረትና ሲሚንቶ ተጨነቁ።

ጥያቄ (ከላሊበላ፣ አስጎብኚ)፦ እንደ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም ያለ የፀሐይ ግርዶሽ መቼ ይመለሳል?

መልስ፦ እንደዚያ ቀለበት ሆኖ እናንተ አናት ላይ የሚያልፈው ቶሎ አይመጣም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም ግን ሙሉ ግርዶሽ በግብፅና በየመን በኩል ያልፋል፤ ለእኛ በከፊል ይታያል። ክረምት ነውና ደመናው ከፈቀደ። በነገራችን ላይ በአቡነ ዮሴፍና በአካባቢው ተራሮች ላይ ለቴሌስኮፕ የሚሆን ቦታ ሲጠና ቆይቷል። እንግዶችህን ስትወስድ ይህንንም ንገራቸው።

ባለፈው ብዙ ሰው በራጅ ፊልም ሲያይ ነበር። እባካችሁ፣ ዓይን ያጠፋል። ወንፊት አምጡና ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ጥላውን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉት። ወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዷ ቀዳዳ አንዳንድ የተገመጠች ፀሐይ ታያላችሁ።