የደሴና የኮምቦልቻ የድሮ የአየር ላይና የጦር ፎቶዎች፦ ጥያቄና መልስ

ካርታና የአየር ላይ ፎቶ ማንበብ የቆየ ሥራዬ ስለሆነ፣ ደሴ ላይ ሻይ ልጠጣ በተቀመጥኩ ቁጥር «የድሮ ፎቶ የት ይገኛል?» የሚለኝ አላጣም። ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ጠይቁኝና እንገላገል ብዬ ነበር። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመቱ የፈረንጅ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» እላለሁ፤ እዚህ ላይ የሚምታታበት ሰው ብዙ ነው።

ከደሴ ፒያሳ፦ ጋሼ፣ የእኛ አካባቢ ከአየር ላይ መነሳት የጀመረው መቼ ነው? ፎቶዎቹስ ጣሊያን አገር ናቸው ወይስ እዚሁ?

ብዙ ሰው ሮም ካልሄደ የማያገኘው ይመስለዋል። ትልቅ ክምችት የተገኘው ግን እዚሁ አዲስ አበባ፣ በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ መዝገብ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጠቃሏል። ጣሊያኖች ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ያነሷቸው ፎቶዎች በ8,281 ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው ተቀምጠዋል። አንዱ ሰሌዳ 50 በ20 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። በላዩ አንድ መለያ ጽሑፍና አራት ፎቶ አለ፦ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚያይ፣ ሁለቱ በግራና በቀኙ ትንሽ ዘንበል ያሉ፣ አራተኛው ደግሞ በጣም ዘንብሎ ሩቅ የሚያይ። አራቱም የተነሱት በአንድ ቅጽበት ነው። ሩቅ የሚያየው በአንዱ ሰሌዳ በግራ፣ በቀጣዩ በቀኝ ይመጣል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሰሌዳዎቹን ሲደረድር አቅጣጫው ይጠፋበታል። ካሜራው ሳንቶኒ የሚባል ጣሊያናዊ የሠራው፣ በፊልም ፋንታ የመስታወት ሳህን የሚጎርስ ነበር።

ለምን አነሱ ለሚለው፦ ሰሜኑን ጥቅጥቅ አድርገው የሸፈኑት ለውጊያው ብለው ነው። ከዚያ ጦሩ ወደ አዲስ አበባ ከመውረዱ በፊት ፊቱ ያለውን አገር እየበረሩ አዩ። በኋላም የ1:100,000 እና የ1:50,000 ካርታ ሠሩበት። አብራሪው የታዘዘው መንገዱን፣ የተራራውን በር፣ የወንዙን መሻገሪያ እንዲያነሳ ነው። ስለዚህ የአያትህን ቀዬ ስትፈልግ መጀመሪያ ከበረራው መስመር ምን ያህል እንደሚርቅ እይ።

ከምድር ላይ የተነሳ የጦር ፎቶ ከሆነ የምትፈልገው፣ ወሎ ከዚህም ትቀድማለች። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከዘመተው ከናፒየር ጦር ጋር መቅደላ ድረስ የመጡ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ፎቶ አንስተዋል።

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ፦ ፎቶው ላይ ርቀት መለካት ይቻላል? አንድ ሳንቲሜትር ስንት ሜትር ነው?

ይቻላል፤ ግን ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። የካሜራው የትኩረት ርዝመት (ከሌንሱ እስከ መስታወት ሳህኑ ያለው ርቀት) 178 ሚሊሜትር፣ የበረራው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 እስከ 4,500 ሜትር ነበር። የፎቶውን መጠን፣ ማለትም መሬቱ ስንት ጊዜ አንሶ እንደተነሳ፣ የሚወስነው አውሮፕላኑ ከመሬቱ ያለው ርቀት ነው። እንግዲህ አስላ፦ በ4,500 ሜትር የሚበር አውሮፕላን፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ደሴ በላይ ሲያልፍ ከመሬት 2,000 ሜትር ይርቃል። 2,000 ለ0.178 ሲካፈል 1:11,200 ያህል ይሆናል፤ አንድ ሳንቲሜትር 112 ሜትር ማለት ነው። ያው አውሮፕላን ከፍታውን ሳይቀይር 1,850 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ኮምቦልቻ ቢሻገር መጠኑ 1:14,900 ይሆናል፤ አንዷ ሳንቲሜትር 149 ሜትር ያህል ትይዛለች። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ በየመጠምዘዣው መጠኑ ይቀየራል። በጽሑፍ የምታገኘው 1:11,500 የመካከለኛው ፎቶ ግምት ነው፤ ያንን ይዘህ ቦርከና ዳር ብትለካ ትሳሳታለህ። በጎን ዘንበል ያሉት ደግሞ ከ1:16,000 እስከ 1:18,000 ይደርሳሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍህ ከሆነ ዛሬም ያሉ ሁለት ቋሚ ነገሮችን፣ ለምሳሌ አንድ ድልድይና አንድ መስቀለኛ መንገድ፣ መሬት ላይ ለክተህ መጠኑን ራስህ አውጣ።

ከኮምቦልቻ፦ የአዝዋ ገደልን የአየር ፎቶ አየሁ፤ ገደሉ ተራራ ሆኖ ታየኝ። ፎቶው ተገልብጦ ነው?

ፎቶው ደኅና ነው፤ ያሳሳተህ ዓይንህ ነው። ዓይን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ያስባል። በበጋ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምትሆን ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ሰሜንን ወደ ላይ አድርገህ ስታይ ብርሃኑ ከታች የመጣ ይሆንና ጉድጓዱ ጉብታ ይመስላል። ወረቀቱን አዙረህ ጥላው ወደ አንተ እንዲወድቅ አድርግ፣ ገደሉ ወዲያው ይሰምጣል። ተከታታይ ሁለት ፎቶ ካለህና የስቴሪዮ መነጽር (ሁለቱን ፎቶ አንድ አድርጎ ከፍታና ጥልቀት የሚያሳይ) ካገኘህ ደግሞ፣ ፎቶዎቹ 60 በመቶ ያህል ስለሚደራረቡ የጦሳ ተራራ ከወረቀቱ ብድግ ብሎ ይታይሃል። እኔ ስንት ዓመት አይቼው ዛሬም ይገርመኛል።

ከሆጤ፦ በ1928 ደሴ ስትደበደብ የተነሳ ፎቶ አለ? አንዳንዱ የሚያዞረው እውነት አይመስለኝም።

አለ፤ መጠርጠርሽም ትክክል ነው እህቴ። ድብደባው የደረሰው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ያዳረሰው ከዚህ ነው። የአሜሪካኖች ሆስፒታልም ተመቷል። የውጭ ጋዜጠኞች ንጉሡን ተከትለው መጥተው ስለነበር፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ማርሴል ዩኖም ደሴ ስለነበር፣ የዚያ ቀን ነገር ከምድር በኩል ብዙ ምስክር አለው። የቀይ መስቀሉን ምስል ጄኔቭ ካለው የኮሚቴው ማኅደር ፈልጊ። ጣሊያኖች የሚያሳዩትን ወገን ደግሞ የፋሽስቱ መንግሥት የፊልምና የፎቶ ድርጅት የነበረው የሉቼ ኢንስቲትዩት ማኅደር ይዞታል፤ ድርጅቱ ለዚሁ ጦርነት በ1935 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል አቋቁሞ ነበር። ያ ክፍል የፕሮፓጋንዳ ክፍል እንደነበር ግን አይዘንጋሽ፤ የተደበደበ ሆስፒታል ከዚያ አትጠብቂ።

«ደሴ ነው» የተባለን ፎቶ መመርመሪያው ተራራው ነው። ጦሳ በምዕራብ በኩል የሚሠራው የሰማይ መስመር አይለወጥም። ፎቶውን ይዘሽ ከፍ ካለ ቦታ ቁሚና አስተያዪ፤ መስመሩ አልገጥም ካለ ሌላ ከተማ ነው። የጣሊያን መለያ ላይ የሮማ ቁጥር ካየሽ የፋሽስት ዘመን አቆጣጠር ነው፤ 14ኛው ዓመት ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 እ.ኤ.አ. ይሄዳል። የኅዳሩ ድብደባም፣ ጣሊያን በሚያዝያ ደሴ የገባበትም በዚያው በአንዱ ቁጥር ስር ስለሚወድቁ፣ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «የድብደባው ነው» ማለት አይቻልም።

ከኮምቦልቻ፦ ጣሊያን ሲባረር እዚህ የተዋጉት ነጮች እነማን ነበሩ? የእነሱስ ፎቶ?

ደቡብ አፍሪካውያን። የጄኔራል ዳን ፒናር 1ኛ ብርጌድ ከደቡብ በጣርማ በር በኩል መጥቶ፣ ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር በኮምቦልቻ በር ላይ ተዋግቶ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ገባ። ስለዚህ ለንደን ካለው የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየም ሌላ ፕሪቶሪያ ያለውን የመከላከያ ሰነዶች ማዕከል መጠየቅ ተገቢ ነው። የእኛ ሰው ወደ ፕሪቶሪያ መጻፍ ትዝ አይለውም። ስትፈልግ የቦታውን ስም እነሱ እንደጻፉት ጻፍ፤ ብዙ ጊዜ የጣሊያኑን አጻጻፍ ወስደዋል፣ ማለትም ኮምቦልቻ በ«ሲ» ተጀምሮ በ«ሲ-አይ-ኤ» ያልቃል። በጣሊያን ማኅደር ደግሞ ወሎ በ«ደብልዩ» ሳይሆን በ«ዩ» ይጀምራል። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ፈልጎ «ምንም የለም» ብሎ የሚመለሰው ብዙ ነው።

ከቧንቧ ውሃ፦ ገንዘብም ዘመድም የሌለው ሰው ከቤቱ ሆኖ ምን ሊያገኝ ይችላል?

የአሜሪካን የስለላ ሳተላይት። ኮሮና የሚባለው ፕሮግራም ከ1960 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ሠርቷል። ፊልሙ በካፕሱል ሆኖ በጃንጥላ ሲወርድ አውሮፕላን አየር ላይ ይቀልበው ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ክሊንተን ምስጢርነቱን አንስተው ከ860,000 በላይ ምስሎች ለሕዝብ ተፈቀዱ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ «ኧርዝ ኤክስፕሎረር» በተባለ ገጹ ላይ አስቀምጧቸዋል፤ ተመዝግበህ ደሴን 11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ሰሜን፣ 39 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ አስገባ። አንድ ሰው ቀድሞ ስካን ያስደረገው ምስል በነፃ ይወርዳል፤ ካልሆነ ስካን የሚደረግበት 30 ዶላር ይጠየቃል። ጥራቱ፣ ማለትም የሚለየው ትንሹ ነገር፣ ከ12 ሜትር ጀምሮ በመጨረሻዎቹ ካሜራዎች 1.8 ሜትር ድረስ ደርሷል፤ ሰው አታይበትም፣ መንገድና የቤት ክምችት ግን ታያለህ። የክረምቱን ተወው፣ ደመና ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ምስል ስለሚለጠጥ ከመሃል አካባቢ ያለውን ምረጥ። ከ66ቱ ረሃብ በፊት የነበረውን ወሎ በሙሉ ለማየት ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

ከቃሉ፦ ድሮ አገሩ ጫካ ነበር ይባላል። ፎቶው ምን ይላል?

የአንተ ወረዳ ዕድለኛ ነው፤ የ1958 እና የ1986 እ.ኤ.አ. የአየር ፎቶዎች ጎን ለጎን ተጠንተውበታል። በእነዚያ ዓመታት ደኑም፣ ቁጥቋጦውም፣ የወንዝ ዳር ዛፉም ቀንሷል፤ ባዶ መሬትና መንደር ጨምሯል። «ከዚያ በፊትስ?» ካልክ ግን መልሱ ያን ያህል ቀላል አይደለም። እነዚያ የመቅደላ ዘመቻ ፎቶዎች የተነሱባቸው የሰሜን ቦታዎች ተመልሰው ሲነሱ፣ ብዙዎቹ ዛሬ ከዚያን ጊዜ ይልቅ ዛፍ ይዘው ተገኝተዋል። ባሕር ዛፉም፣ እርከኑም፣ ከከብት የተከለለው መሬትም አስተዋጽኦ አለው። በአንድ ትውልድ የጠፋ ጫካ ታሪክ ለሁሉም ቀበሌ አይሠራም፤ የየራሱን ፎቶ ማየት ነው።

ከኩታበር፦ ከጎረቤቴ ጋር የድንበር ክርክር አለብኝ። የንጉሡ ዘመን ፎቶ ፍርድ ቤት ያስረታኛል?

አባቴ፣ ፎቶ ማሳን ያሳያል እንጂ ባለቤቱን አያሳይም። አጥሩ፣ ድንበሩ ላይ ያለው ቁጥቋጦና የውሃ መውረጃው በ1950ዎቹ የት እንደነበረ ሊታይ ይችላል፤ ይህ ለባለሙያ ምስክርነት ይረዳል። ከዚያ ወዲህ ግን በ1967 መሬት የሕዝብ ሆኗል፣ ድልድልም መጥቷል። ዛሬ የሚያከራክረው የይዞታ ደብተርዎ ነው። መጀመሪያ ወረዳው መሬት አስተዳደር ይሂዱ፤ ለፎቶ ገንዘብ አያውጡ።

ከደሴ፦ አያቴ ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ የተነሳ ፎቶ በስሙ ማግኘት እችላለሁ?

በስም? አይመስለኝም። የጣሊያን መለያ የመኮንኑን ስም ይጽፋል፣ የእኛን ሰው «የአገሬው ተወላጅ» ብሎ ያልፋል። በቦታና በቀን ፈልግ። ይመስለኛል የምትለው ፊት ካገኘህም «አያቴ ነው» ብለህ ከመጻፍህ በፊት ቤት ላሉት አዛውንት ስሙን ሳትነግር አሳይ።

ከመናፈሻ፦ አዲስ አበባ ሄጄ ለመጠየቅ ምን ልያዝ?

የምትማሪበት ወይም የምትሠሪበት መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የቦታው ኮኦርዲኔት፣ ቦታው ያለበት የ1:50,000 ካርታ ስም፣ የምትፈልጊው ዓመት። «የደሴ የድሮ ፎቶ» ብለሽ ከጠየቅሽ መዝገብ የያዘው ሰው ሊረዳሽ አይችልም፤ ፎቶዎቹ የተቀመጡት በከተማ ስም ሳይሆን በበረራ መስመርና በተራ ቁጥር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የበረራውን ማውጫ ካርታ አሳዩኝ በይ፣ መስመሩን በጣትሽ ተከትለሽ ቁጥሩን ጻፊ፣ ከዚያ ፎቶውን ጠይቂ። በዚያው መስመር ከእሱ በፊትና በኋላ ያሉትን አንድ አንድ ጨምረሽ ውሰጂ፤ ያለ እነሱ በስቴሪዮ ማየት አይቻልም። ኮፒውን ስታነሺ መለያ ጽሑፉ ከፎቶው ጋር አብሮ ይነሳ። መለያው የተቆረጠበት ፎቶ ብዙ አይቻለሁ፤ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው መስመር እንዳነሳው ከእንግዲህ ማንም አይነግረንም።