ዘጠነኛው ድምፅ፦ በሞዴል የዲፕሎማሲ ጉባኤ ለምትሳተፉ

ውድ ተማሪዎች፣

በቅርቡ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ለሞዴል ጉባኤው የምጽፈው የአቋም መግለጫ ስንት ገጽ ቢሆን ይበቃል?» ስትል ጠየቀችኝ። ተማሪዎች የየአገሩ ተወካይ ሆነው በሚከራከሩበት በእንዲህ ያለ ጉባኤ፣ የተመደበላቸው አገር ምን እንደሚደግፍና ምን እንደማይቀበል የሚገልጸውን ይህን ወረቀት አዘጋጆች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ገጽ ስለሚወስኑት መልሱ ቀላል ነበር፤ ጥያቄው ግን አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በታዛቢነት የተጋበዝኩበት አንድ የተማሪዎች ጉባኤ ነበር። አዘጋጆቹ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ከጥር 19 እስከ 26 ቀን 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ያካሄደውን ስብሰባ ተማሪዎቹ በአምሳያ እንዲያካሂዱት አድርገው ነበር። ያኔ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ በአስተርእዮ ማርያም ሰሞን ከጓደኞቼ ጋር ሄደን ከአጥሩ ውጭ የየአገሩን ባንዲራ ስንለይ ዘበኛ አባሮናል። የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ከውስጥ ያየሁት ብዙ ዓመታት ቆይቶ፣ ሥራ ሲያስገባኝ ነው።

ለተማሪዎቹ የተሰጠው አጀንዳ በፖርቱጋል ይገዙ የነበሩት የአንጎላ፣ የሞዛምቢክና የጊኒ ቢሳው ጉዳይ ነበር። በምክር ቤቱ አሥራ አምስት አባላት አሉ፤ አንድ ውሳኔ እንዲያልፍ ዘጠኝ የድጋፍ ድምፅ ማግኘትና ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱም እንዳይቃወመው ያስፈልጋል፤ የእነርሱ ተቃውሞ ቬቶ ይባላል። የምክር ቤቱ አባል የነበረችውን ጊኒን (ጊኒ ቢሳው ሌላ ናት) የወከለው ወጣት አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ ያዘጋጀው ረቂቅም በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ምዕራፍ ሰባት መሠረት አስገዳጅ ማዕቀብ የሚጥል፣ ሲነበብ ደም የሚያሞቅ ጽሑፍ ነበር። አርጀንቲናን የወከለችው ልጅ ደግሞ ድምፀ ዝግ ነበረች። ያቀረበችው የአቋም መግለጫ ግን በቢሮ ሕይወቴ ካነበብኳቸው ብዙ ማስታወሻዎች ይበልጥ ነበር። ቤልጂየምና ጣሊያን ከፖርቱጋል ጋር በምዕራባውያኑ የጦር ቃል ኪዳን በኔቶ የተሳሰሩ በመሆናቸው እጃቸው የታሰረ መሆኑን፣ አርጀንቲና ግን እንዲህ ያለ ማሰሪያ እንደሌለባት ካመለከተች በኋላ፣ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ አስገዳጁ አንቀጽ ለአባል አገሮች በሚቀርብ ጥሪ ቢተካ መንግሥቷ ረቂቁን እንደሚደግፍ በግልጽ ጽፋ ነበር።

መግለጫዎቹ ከስብሰባው አስቀድሞ ለሁሉም ታድለዋል። በሻይ ሰዓት የጊኒው ወጣት የሚያነጋግረው ከእርሱ ጋር የሚስማሙትን ብቻ ነበር፤ ወደ አርጀንቲና ተወካይ የቀረበ አንድም ሰው አላየሁም። ድምፅ ሲሰጥ ከአርጀንቲና ሌላ ጃፓንን የወከለው ልጅም በዚያው አስገዳጅ አንቀጽ ምክንያት ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፤ ስምንት ድጋፍ፣ ሰባት ተአቅቦ ሆነ፤ ረቂቁም ወደቀ። ቬቶ ያላቸው ምዕራባውያን እጃቸውን ለተቃውሞ ማንሣት እንኳ አላስፈለጋቸውም። ወጣቱ በንዴት «አርጀንቲና ሸጠችን» ሲል፣ ልጅቱ «ሁለተኛውን ገጽ አንብበኸዋል?» አለችው። መልስ አልነበረውም። ሆኖም የምርጥ ተናጋሪነት ሽልማቱን የወሰደው እርሱ ነበር፤ የእርሷን ወረቀት ያነሣው ማንም አልነበረም።

እኔ ያንን መስመር አስቀድሜ አንብቤዋለሁ፤ ወጣቱም በሻይ ሰዓት አጠገቤ ቆሞ ነበር። ታዛቢ በድርድር ጣልቃ አይገባም፤ ሕጉ ተገቢ ነው፤ ዛሬም ብጋበዝ ዝም እላለሁ። ይህን እያመንኩ ነገሩ እስከ አሁን ይቆጨኛል።

በእውነተኛው ስብሰባ መጨረሻ ቀን ስለ ፖርቱጋል ቅኝ ግዛቶች የወጣው ውሳኔ 312 ያለፈው ልክ በዘጠኝ ድምፅ ነው። ስድስት አገሮች ተአቅቦ አደረጉ፤ ከስድስቱ ከፖርቱጋል ጋር የኔቶ አባል ያልነበረችው አርጀንቲና ብቻ ነበረች። ልጅቱ ይህን መዝገብ አይታዋለች ማለት ነው። በዚያው ዕለት ስለ ሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) የቀረበው ረቂቅ በብሪታንያ ቬቶ ወድቋል። እርግጥ ነው፣ ውሳኔ 312 ቅኝ ግዛቶቹን ነጻ አላወጣም፤ ለነጻነት ያበቃቸው የራሳቸው ትግልና እ.ኤ.አ. በ1974 ሊዝበን ላይ የተካሄደው የመንግሥት ግልበጣ ነው። የጊኒው ወጣት «የለዘበ ወረቀት ምን ይሠራል?» ቢለኝ በቀላሉ የማሸንፈው ክርክር አይደለም። ግን የእርሱ ረቂቅ የለዘበ ወረቀት ለመሆን እንኳ አልበቃም።

የዛሬ ልጆች መናገር አያስቸግራችሁም፤ በእናንተ ዕድሜ እኛ ማይክሮፎን ስናይ ላብ ያጠምቀን ነበር። የሌላውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ግን ሞት ይመስላችኋል። አሁን ደግሞ ማሽን የጻፈላችሁን መግለጫ ሳታነቡት የምታስገቡ አላችሁ። እኛም ከቀድሞ ፋይል እየገለበጥን ብዙ ደብዳቤ ጽፈናልና በዚህ ላይ ብዙ ባልናገር ይሻላል።

አገር ሲመደብላችሁ ከታሪኳ አስቀድማችሁ የድምፅ መዝገቧን ተመልከቱ። የተባበሩት መንግሥታት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ማን በየትኛው ውሳኔ ላይ እንዴት ድምፅ እንደሰጠና በስብሰባው ምን ብሎ እንዳስረዳ የሚያሳዩ ሰነዶችን ያለ ክፍያ ያቀርባል። የረቂቁን ቅርጽ ግን ሳታፍሩ ከእውነተኛ ውሳኔ ቅዱ፤ መገልበጥን ስነቅፍ ቆይቼ ይህን ማለቴ ቢያስቃችሁም፣ የመግቢያና የተግባር አንቀጾች አደራደር አዲስ ፈጠራ አይፈልግም። ሥልጣንን በተመለከተም ጠቅላላ ጉባኤው፣ በበጀትና በውስጥ አሠራሩ ካልሆነ በቀር፣ ለአባል አገሮች ምክረ ሐሳብ ያቀርባል፤ አባላት ሊፈጽሙት በቻርተሩ አንቀጽ 25 የተስማሙት የጸጥታው ምክር ቤትን ውሳኔ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ኮሚቴ ተቀምጦ ማዕቀብ «ይጥላል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ቻርተሩን አልከፈተም።

በአፍሪካ ኅብረት አምሳያ የምትሳተፉ ደግሞ ስሌታችሁ ይለያል። የኅብረቱ የመሪዎች ጉባኤ በመግባባት ይወስናል፤ መግባባት ካልተቻለ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ገና ከጅምሩ የምታነጋግሩት ሰው ይበዛል።

መግለጫዎች ሲታደሉ የወዳጆቻችሁን ለኋላ አቆዩት። የአባላቱን ዝርዝር ይዛችሁ በእያንዳንዱ ስም ትይዩ የትኛውን አንቀጽ እንደማይቀበልና በምን ቢተካለት እንደሚቀበል ከራሱ ወረቀት እየለቀማችሁ ጻፉ፤ ቦታው ባዶ የቀረ አገር ካለ ንግግራችሁን ከማሳመራችሁ በፊት ሄዳችሁ ተወካዩን ጠይቁት።