ደመወዜን ትቼ ቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት ልሥራ?

የአንባቢያን ጥያቄ

ለአምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ደመወዜ 24,000 ብር ነው። በጥር ወር መጨረሻ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ የቤተሰብ ወዳጅ የምግብ ቤቱንና የሸቀጣ ሸቀጥ መደብሩን ሂሳብ ኩዊክቡክስ በተባለው የሂሳብ መያዣ ፕሮግራም እንድይዝለት ጠየቀኝና ከቢሮ መልስ፣ ልጄን ካስተኛሁ በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እሠራለሁ። በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ በየወሩ ከ350 እስከ 400 ዶላር አገኘሁ። ገንዘቡን እዚሁ ያለው ወንድሙ በብር አስልቶ በእጄ ይሰጠኛል። ባለቤቴ ደመወዝተኛ ነው፤ «ይኼን ቢሮ ልቀቂና ሙሉ ቀን ሥሪበት፣ እጥፍ ታገኛለሽ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ ጡረታ ያለው ሥራ ትቶ ቤት መዋልን ጨርሶ አልተቀበለችውም። ሁለተኛ ልጅ የመውለድ ሐሳብም አለን። መልቀቂያ ላስገባ? ብለቅ ምን ምን አጣለሁ? ገንዘቡንስ በምን መንገድ ብቀበል ይሻላል?
ስሜ ይቆይልኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤ ሥራውን አንድ ቀን መልቀቅዎ እንደማይቀር ከደብዳቤዎ አንጻር እገምታለሁ፤ ነገር ግን ዛሬ ባለዎት ይዞታ መልቀቂያ እንዲያስገቡ አልመክርዎትም። ምክንያቴ የኢንተርኔት ሥራ አያዋጣም የሚል አይደለም። እስካሁን በእጅዎ ያለው አንድ ደንበኛ ብቻ ስለሆነ ነው። የፍሪላንስ፣ ማለትም ሳይቀጠሩ ለተለያዩ ደንበኞች የሚሠራ ሥራ ዋናው ጥቅም አንዱ ቢሄድ ሌላው መቅረቱ ሲሆን፣ እርስዎ ግን አሁን ቢለቁ የሚያደርጉት አንዱን አሠሪ በሌላ አሠሪ መተካት ይሆናል፤ ያውም የመጀመሪያው ውል፣ ማስጠንቀቂያና ፍርድ ቤት ያለበት ሲሆን ሁለተኛው በስልክ ቃል ላይ የቆመ ነው።

ባለቤትዎ «እጥፍ ታገኛለሽ» ያሉበትን ስሌት በጥንቃቄ ልየው። ገቢውን ያገኙባቸው ወራት የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በሽርክና የተቋቋሙ ድርጅቶች ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያቸውን የሚያስገቡት እስከ ማርች 15፣ ማለትም እስከ መጋቢት 6 ሲሆን፣ ግለሰቦችና በግል ስማቸው የሚነግዱ ሰዎች ደግሞ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7 ነው። አንድ የምግብ ቤት ባለቤት የዓመት ሙሉ ደረሰኙን በካርቶን ሰብስቦ «አስተካክሉልኝ» የሚለው በዚህ ወቅት ነው። ስለዚህ እርስዎ የሠሩት ሥራ የወሩን ሂሳብ መያዝ ብቻ ነበር ወይስ ያለፈውን ዓመት ውዝፍ ማጥራትም ነበረበት? የሁለተኛው ድርሻ ከበዛ፣ ክፍያው ከግንቦት ጀምሮ ወደ ግማሽና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። የሙያው ሰው ነዎትና የሦስቱን ወራት የሥራ ሰዓት በሁለት ዓምድ ከፍለው ቢጽፉት መልሱን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሥራ በዝቶ በከረመበት ወቅት በተገኘ ገቢ የዓመቱን ማስላት፣ በፋሲካ ሰሞን በተሸጠው ዶሮ የዓመቱን ገበያ እንደመገመት ነው።

ሰዓት ቢጨምሩ ገቢው አብሮ ይጨምራል የሚለውም አያስኬድም። ሁለት መደብር ያለው ሰው የሚያሠራው የተወሰነ ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሰጡትም ከአራቱ በላይ የሚሞላ ሥራ የለውም። ቀሪው ሰዓት ዋጋ የሚኖረው ሁለተኛና ሦስተኛ ደንበኛ ሲገኝ ነው፤ እነዚህን ደግሞ ደመወዝዎ ሳይቋረጥ መፈለግ ይቻላል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ መደብር፣ የታክሲና የጽዳት ድርጅት በብዛት ያለባቸው አካባቢዎች ናቸው። የአሁኑ ደንበኛዎ በሥራዎ ከረካ ስለ እርስዎ ለጓደኛው የሚናገረው አንድ ቃል ባለሙያንና አሠሪን በኢንተርኔት በሚያገናኘው አፕዎርክ ላይ ከሚልኩት ሃያ ማመልከቻ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አፕዎርክንና መሰሉን ፋይቨርን ተዉ ማለቴ ግን አይደለም። ፋይቨር ከሚያገኙት 20 በመቶ እንደሚቆርጥና ገንዘቡንም ለጀማሪ 14 ቀን እንደሚያቆይ፣ አፕዎርክም እንደ ሥራው ዓይነት እስከ 15 በመቶ እንደሚወስድ አውቀው ይግቡበት።

ወደሚያጡት ነገር ልምጣ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ስሌት ከ24,000 ብር ላይ 6,350 ብር ግብርና 1,680 ብር የእርስዎ የ7 በመቶ ጡረታ ሲቀነስ በእጅዎ የሚገባው 15,970 ብር ነው። ብዙ ሰው ዶላሩን የሚያወዳድረው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው፤ ስህተቱም እዚህ ላይ ይጀምራል። አሠሪዎ በስምዎ የሚያስገባው የ11 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 2,640 ብር፣ የደመወዝ ወረቀትዎ ላይ ጎልቶ ባይታይም የእርስዎ ነው፤ ሲለቁ እሱም የእርስዎ 7 በመቶም ይቆማሉ። በሌላ በኩል የዶላሩ ገቢ ግብር ያልተከፈለበት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ክፍያው ከውጭ ቢመጣም እዚሁ ግብር የሚከፈልበት ስለሆነ፣ በቅጥር ሲሠሩ ያወጡትን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይዘው ወደ ወረዳዎ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት መሄድና የንግድ ፈቃድ ማውጣት የዕቅዱ አካል ይሁን። አገር ውስጥ ላሉ ድርጅቶችም የሂሳብ አገልግሎት እሰጣለሁ ካሉ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ይታከላል።

የሁለተኛውን ልጅ ነገር በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ብቻ ማንሳትዎ አስገርሞኛል፤ እኔ ብሆን ከሁሉም አስቀድመው ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለዎት። ቢታመሙም የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ደግሞ ግማሽ ደመወዝ ይከፈልዎታል። የሜሪላንዱ ሰው ምንም ያህል ደግ ቢሆን በወለዱበት ወር የመደብሩን ሂሳብ ለሌላ ሰው መስጠቱ አይቀርም። እርግዝናው በዚህ ዓመት ውስጥ የሚታሰብ ከሆነ፣ የወሊድ ፈቃድዎን ሳይጠቀሙ መልቀቅዎ አይታየኝም።

አሁን አፋጣኝ ወደሆነው ጉዳይ እንግባ፤ ብር በእጅ መቀበልዎን ያቁሙ። ደንበኛዎ ዶላሩን እዚያ ይዞ ወንድሙ እዚህ በብር ሲከፍልዎ የሚፈጸመው ከባንክ ውጭ የሆነ ምንዛሪ ነው፤ ይህ በሕግ የተከለከለ ከመሆኑም ሌላ ስድስት ወር ቢሠሩ እንደሠሩ የሚያስረዳ አንድ ወረቀት አይኖርዎትም። ነገ ባንክ ብድር ሲጠይቁ፣ ኤምባሲ ሲሄዱ፣ ግብር ሲያስታውቁ የሚጠየቁት ያንኑ ወረቀት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገበት ጊዜ ባወጣው መመሪያ አገር ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ከውጭ በሚላክላቸው ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት እንዲችሉ ፈቅዷል። ስለዚህ አጭር የአገልግሎት ውል በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው ይፈራረሙ፣ በየወሩ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) ይላኩ፣ ክፍያው በባንክ ወይም ከውጭ ገንዘብ በኢንተርኔት በሚያስተላልፈው ፔይኦኒር በኩል በስምዎ ይግባ። ፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ለመቀበል ስለማያገለግል በእሱ አይድከሙ። ደንበኛዎ ደብሊው-8 ቤን የተባለውን ቅጽ እንዲሞሉ ከጠየቀዎት አይደንግጡ፤ የአሜሪካ ነዋሪ አለመሆንዎን የሚያረጋግጥ ቅጽ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነገር አለ። ፓስፖርትዎ ላይ፣ በባንክ ደብተርዎ ላይና በፔይኦኒር ላይ ያለው ስም በላቲን ፊደል አጻጻፉ አንድ መሆን አለበት። የባንክ ሠራተኛው የዛሬ አሥር ዓመት የአባትዎን ስም በጆሮው ሰምቶ የጻፈው ሊሆን ይችላል፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ደግሞ በአንድ ፊደል ይለያል። ከዚህም በላይ የውጭዎቹ ድርጅቶች «የቤተሰብ ስም» ብለው ሲጠይቁ አንዱ ቦታ የአባትን፣ ሌላው ቦታ የአያትን ስም የምንሞላ ብዙ ነን። የመጀመሪያው ክፍያ መንገድ ላይ ተይዞ ከመደናገጥ፣ ዛሬውኑ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያስተያዩአቸው፤ ልዩነት ካለ ፓስፖርትዎን ይዘው ባንኩን ያስተካክሉ።

ስለ ዶላሩ አንድ ነገር ልጨምር። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን በማጣቱ በዶላር የሚከፈላቸው ሰዎች ሥራቸው ሳይጨምር ገቢያቸው በብር ሲያብጥ አይተዋል። ይህ እንደገና ይመጣል ብሎ የቤት ወጪን ማቀድ አይገባም።

ቤት ሆኖ የመሥራቱ ነገር በገንዘብ ከሚሰላው ያላነሰ ያሳስበኛል። ቢሮ ሲውሉ ማንም የማያዝዎት ሰው፣ ቤት ሲውሉ የሁሉም ታዛዥ ይሆናሉ፤ «ቤት ነሽ አይደል?» እየተባለ ልጅ መቀበል፣ የጋዝ ወረፋ፣ የጎረቤት ቡና፣ የዕድር ድንኳን ሥራ ሁሉ ወደ እርስዎ ይመጣል። ሜሪላንድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ በበጋቸው 10 ሰዓት፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ላይ ነን፤ ደንበኛዎ የሚደውልልዎት እንግዲህ ልጅ ከመዋያ በምትመለስበትና ቤት በሚታመስበት ሰዓት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ደንበኛውን «መብራት ጠፍቶ» ማለት አንድ ሁለቴ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የራሱን ዘመድ ናፍቆ ያገሩን ወሬ የሚጠይቅ ሰው እንኳ ሌላ ባለሙያ ይፈልጋል። ለላፕቶፕና ለሞደም የሚበቃ ባትሪና የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ካርድ ይኑርዎት። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ እንደነበረም አይርሱ፤ የመለያ ቃልና የሥራ ዝርዝር ሳያጋሩት ድንገት ከጠፉ ደንበኛው ምን እንደሚያደርግ በውሉ ላይ መስመር ይጻፉበት።

ይህን ለመሞከር ሥራ መልቀቅ አያስፈልግም። የዓመት ፈቃድዎን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ይውሰዱና ሁለት ሳምንት ሙሉ ልክ እንደለቀቁ ሆነው ይሥሩ፤ የሥራ ውልዎ ውጭ መሥራትን የሚከለክል አንቀጽ እንዳለውና እንደሌለው አስቀድመው ያንብቡ፣ የቢሮውን ላፕቶፕም አይንኩ። ያ ጊዜ የሜሪላንዱም ሥራ የሚቀዘቅዝበት ስለሆነ እውነተኛውን ገቢ ያሳይዎታል። እኔ ቢሰሙኝ መልቀቂያው የሚጻፈው ቢያንስ ሦስት ደንበኛ ሲኖር፣ ከአንዳቸውም የሚመጣው ከጠቅላላው ግማሽ ሳይበልጥ፣ ገንዘቡም በባንክ በስምዎ ሲገባ ከርሞ፣ የስድስት ወር የቤት ወጪም ተቀምጦ ነው።

ያ ቀን ሲደርስ አወጣጥዎ ያማረ ይሁን። ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ ሳይሰጡ ቢጠፉ እስከ አንድ ወር ደመወዝ ሊያስከፍልዎት ይችላል። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይሰላል፣ ቀሪ ክፍያዎም በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆኑ ርክክቡ ረጅም ነው፤ ሰነዱን በዝርዝር አስረክበው ክሊራንስ ሳይወስዱ፣ ሲቀጠሩ የቆመልዎ ዋስ ነጻ የወጣበትን ደብዳቤ ሳያስጽፉና የሥራ ልምድ ማስረጃ ሳይቀበሉ ከበር አይውጡ። የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳ ካለብዎ፣ ወይም ለባልደረባ በደመወዝዎ ዋስ ሆነው ከሆነ፣ ይህን ከማስጠንቀቂያው በፊት ይጨርሱ።

ሌላ አጭር ጥያቄ

በባሕር ዳር የምኖር የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። የግራፊክስ ሥራ እችላለሁ። ከሆቴል ሥራዬ ለመውጣት ስዘጋጅ፣ አንድ ሰው ደረጃ ያለው የተረጋገጠ የአፕዎርክ አካውንት በወር ኪራይ ሊሰጠኝ አለ። «ከባዶ ከመጀመር ይሻላል» ይላል። ልቀበል?

መልስ

አይቀበሉ። አካውንት ማከራየትም መከራየትም በድርጅቱ ደንብ የተከለከለ ነው፤ የማንነት ማረጋገጫ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ የሠሩበት ዶላር በሌላ ሰው ስም ታስሮ ይቀራል። ሰውየው ራሱ ገንዘቡን አውጥቶ ስልኩን ቢዘጋም የሚከሱበት ነገር አይኖርዎትም። የተጠየቁትን የኪራይ ገንዘብ ለፓስፖርት ያውሉት፤ በራስዎ ስም ተመዝግበው ለባሕር ዳር ሆቴሎችና ካፌዎች የሠሩዋቸውን የምግብ ዝርዝርና ማስታወቂያዎች እንደ ናሙና ያስቀምጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሥራዎች በዝቅተኛ ዋጋ ይሄዱ ይሆናል፤ የሆቴሉን ሥራ እስከዚያ ድረስ አይልቀቁ።