ራሴን «ኤሊ» ማለት ጀምሬያለሁ

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከስምንት ወር በፊት አንድ ሪፖርት አዘገየሁና «ኤሊ» የሚል ስም ወጣልኝ። መጀመሪያ አብሬ እስቅ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ራሴው «ኤሊው መጣ» እያልኩ ነው የምገባው። ስብሰባ ላይ አልናገርም፤ ሥራዬንም አራት ጊዜ ሳላይ አላስረክብም። ቀልድ አያውቅም እንዳልባል እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከጻፉልን ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበን አራት ጊዜ ማየትዎ ነው። እንዳይሳሳቱ ፈርተው ይደጋግማሉ፤ መደጋገሙ ደግሞ በእውነት ያዘገይዎታል። ስሙ የወጣው ከአንድ ቀን ስህተት ነበር፤ አሁን ግን በየቀኑ ማስረጃ የሚያቀርቡለት እርስዎ ሆነዋል።

ዝምታዎም እንግዳ ነገር አይደለም። በካናዳ ሌስሊ ጄንስና ጄምስ ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሰው በሌላው ላይ ሲያላግጥ የተመለከቱ ሰዎች የሌሎችን አስተያየት ወደ መከተል አዘንብለዋል፤ መሳሳትንም ይበልጥ ፈርተዋል። ሰውየው በራሱ ሲቀልድ ባዩት ላይ ይህ አልታየም። እነዚህ እንግዲህ ተመልካቾች ብቻ ናቸው፤ የተቀለደባቸው እንኳ አይደሉም። አዲስ የገባ ባልደረባ ካለም ዝም ማለትን ከዚሁ ጨዋታ እየተማረ ይሆናል።

በመጀመሪያ ስሙን ከራስዎ አፍ ያውጡት። በራስ መቀለድ ክፉ አይደለም፤ የት እንደሚያርፍ ግን ይለዩ። «ዛሬ ፋይሉን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ» ስለ አንድ ድርጊት ነው፤ ነገ ይረሳል። «እኔ እኮ ኤሊ ነኝ» ማንነት ላይ ይለጠፋል።

ሲጠሩዎት ሳይስቁም ሳይቆጡም «ሰነዱን ልኬዋለሁ፤ አይተኸዋል?» ብለው ወደ ሥራው ይለፉ። አንዳንዴ እየሳቁ አንዳንዴ ዝም ካሉ አይሠራም፤ አልፎ አልፎ የሚገኝ ሳቅ ቀልደኛውን ይበልጥ ያበረታዋል።

ስሙን የጀመረውን ሰው ለብቻው ያነጋግሩት። ሰው ፊት ከሆነ ላለመሸነፍ ሲል ይመልስልዎታል። «ጨዋታህን እወደዋለሁ፤ ኤሊ ግን አትበለኝ» በቂ ነው። «ለቀልድ እኮ ነው» ማለቱ አይቀርም። «አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተወው» ይበሉና ያቁሙ፤ ምክንያት መደርደር ከጀመሩ ክርክር ይሆናል።

ሥራውን ሁለት ጊዜ ብቻ ይዩ፦ አንዴ ቁጥሮቹን ከደረሰኞቹ ጋር እያመሳከሩ፣ አንዴ ድምሩን። ስብሰባ ላይ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች አጭር ጥያቄም ቢሆን ይናገሩ፤ ዝምታ በቆየ ቁጥር መስበሩ ይከብዳል።

በስሙ የሚጠራዎት አለቃዎ ከሆነ ነገሩ ይለያል። አለቃ ሲቀልድ ሁሉም ይስቃል፤ ሳቁን እንደ ድጋፍ አይቁጠሩት። ቀኑን፣ የተባለውን ቃልና በቦታው የነበሩትን ይመዝግቡ፤ በግል ነግረውት ካልተወ ማስታወሻውን ይዘው ወደ ሰው ኃይል ክፍል ይሂዱ።