ማንጎው ሥር አረንጓዴ የሆነው፣ አሸንዳው ሥር የሚረግፈው ድንክ ባርቤሪ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ባለፈው ሰኔ ከችግኝ ሻጭ ቀይ ቅጠል ያለው ድንክ ባርቤሪ ገዝቼ፣ ከግቢው በር እስከ ቤቱ ባለው መንገድ ዳር ተከልኩት። አሁን ኅዳር ላይ ማንጎው ሥር ያሉት አረንጓዴ ሆነዋል። አሸንዳው ውሃ በሚያወርድበት ጥግ ያሉት ደግሞ ቢጫ ሆነው እየረገፉ ነው። ዩሪያ ጨመርኩ፣ ጠዋትና ማታም አጠጣለሁ። ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል? ከደህናዎቹ አባዝቼስ ለእህቴ መስጠት እችላለሁ?»

መልስ፦ ዛሬውኑ ማጠጣቱን ያቁሙ። ዩሪያውንም ይተዉት። የጻፉልኝን ሳየው ግቢዎ ውስጥ ያሉት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ማዳበሪያ አንዱንም አይፈታም።

በመጀመሪያ ግን የተሸጠልዎት እውነተኛ ባርቤሪ መሆኑን ያረጋግጡ። ገበያ ላይ ቀይ ቅጠል ያለው አጭር ተክል ሁሉ በአንድ ስም ይሸጣል። ድንኩ ባርቤሪ የጃፓን ባርቤሪ የሚባለው ቁጥቋጦ ዓይነት ነው፤ ቅጠሉ ትንሽ ነው፤ ወደ ጫፉ ሰፋ፣ ወደ ሥሩ ጠበብ ይላል። በየቅጠሉ መነሻ ላይ ቀጭን እሾህ አለው። አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው ቅርፊቱን በጥፍርዎ ይላጡ። ውስጡ ደማቅ ቢጫ ከሆነ ባርቤሪ ነው። እሾህም ቢጫ እንጨትም ከሌለው ሌላ ተክል ነውና ከዚህ በታች ያለው ምክር አይሠራለትም።

ማንጎው ሥር ያሉት አልታመሙም። የቅጠሉ ቀይ ቀለም የሚወጣው በፀሐይ ነው። ጥላ ሲበዛበት ቀዩ ይደበዝዝና አረንጓዴው ይገናል። የማንጎ ጥላ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ድፍን ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ ቀይ ሆኖ አይቆይም። ማንጎውን አይቁረጡት፤ ይልቅ ባርቤሪውን ያዛውሩ። በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ፀሐይ ስለሚከብድ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ አግኝቶ ከሰዓት በኋላ የግድግዳ ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ እመርጥለታለሁ። ተክሉ መነሻው ጃፓን ነው፤ ቅዝቃዜ ይወዳል። በአገሩ በብርድ ወራት ቅጠሉን ጨርሶ ያራግፋል። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር ብርድ ትንሽ ቢያራግፍ አይደንግጡ።

አሸንዳው ሥር ያሉት ግን አደጋ ላይ ናቸው። ቢጫ ሆኖ መርገፍ የውሃ ጥማትም የውሃ ብዛትም ምልክት ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲረግፍ ያየ ሰው ውሃ ይጨምርለታል። ባርቤሪ ድርቅን በደንብ ይችላል፤ ውሃ የተኛበት አፈር ግን ይገድለዋል። ሥሩ አየር ያጣል፣ ከዚያ ይበሰብሳል።

አንዱን ተክል በጎኑ ቆፈር አድርገው ሥሩን ይዩ። የጤናማ ባርቤሪ ሥር ጠንካራና ቢጫ ነው። ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ ሽታ ካመጣ በስብሷል። ግማሹ ገና ቢጫ ከሆነ ይተርፋል። የጠቆረውን በንጹሕ መቀስ ቆርጠው ያስወግዱ። ከላይ ያለውንም ቅርንጫፍ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሱለት፤ የቀረው ሥር ያን ሁሉ ቅጠል መመገብ አይችልም። አንገቱ (ግንዱ ከአፈር የሚወጣበት ቦታ) ዙሪያውን የጠቆረውን ግን ነቅለው ያስወግዱት፤ አይተርፍም።

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ። ሐይቁ ዳር ባሉ ብዙ ሰፈሮች ያለው አፈር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት እግር ይዞ አይለቅም። ዝናባችን ደግሞ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠራቅሞ የሚወርድ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ይብሳሉ። በዚያ ላይ የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ እዚያው ጥግ ላይ ይወርዳል። ጥሩ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ለም አፈርና ፍግ ሞልተው ተክለው ይሆናል። ዋልካ ላይ የሚያስቸግረው ይኼው ነው። ዙሪያው ያለው ዋልካ ውሃ አያሳልፍም፣ የእርስዎ ልል አፈር ግን ይቀበላል። ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፤ ተክሉ ገንዳው ውስጥ ቆሞ ይከርማል። ሥር ላይ ጠጠር መደልደልም አይረዳም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ቶሎ አይወርድም፤ ላዩ እስኪጠግብ እዚያው ይንጠለጠላል። ይህን ልማድ ብዙ አትክልተኞች ይሠሩታል፣ እኔ ግን አልስማማበትም።

ጥርጣሬ ካለዎት ይሞክሩት። 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉት። ሲጨርስ እንደገና ሞልተው ሰዓት ይያዙ። ውሃው በሰዓት ከ2 ሳንቲ ሜትር በታች ከወረደ ያ ቦታ ለባርቤሪ አይሆንም።

መፍትሔው ወደ ላይ መትከል ነው። በድንጋይ ወይም በብሎኬት ዙሪያውን ከልለው ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ። ታች ያለውን ዋልካ በአካፋ ፈንቀል ፈንቀል አድርገው፣ ላዩ ላይ ቀይ አፈር፣ ሻካራ የወንዝ አሸዋና በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ደባልቀው ይሙሉ። አሸዋው ደቃቅ ከሆነ ከሸክላው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ ሻካራውን ብቻ ይግዙ። ተክሉን በፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት አሳልፈው አይቅበሩት። የአሸንዳውን ውሃ ደግሞ በቱቦ ወደ ሌላ ጥግ ይውሰዱት። ይህ ሳይደረግ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ያ ጥግ እንዳለ ይቅር ካሉ ባርቤሪውን አንሥተው ቀይ ቅጠል ያለው ካና ይትከሉበት፤ ካና እርጥበት አይፈራም።

አፈሩን ለመሸፈን ደረቅ ሣር ይበቃል። ከሐይቁ የወጣ እምቦጭ የሚያስመጡ ሰዎች አሉ። ጥሬውን አይጠቀሙ። ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ጎርፍም ወደ ቦይ ይወስደዋል። የሸፈኑበትን ነገር ከግንዱ አንድ ስንዝር ያርቁ።

በቦታው ካደላደሉት በኋላ ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ግን ጠለቅ አድርገው ያጠጡ። ከዚያ በፊት ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ይለፉት። በዓመት አንዴ በሰኔ መግቢያ ኮምፖስት ይበቃዋል። ዩሪያ ለስላሳና አረንጓዴ ቅርንጫፍ ያበዛል፣ የሚፈልጉትን ቀለም አያመጣም።

ይህ ዓይነት ባርቤሪ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይረዝማል፣ ወደ ጎን ግን ከዚያ በላይ ይሰፋል። በመስመር ሲተክሉ በመካከላቸው 45 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ከመተላለፊያውም ራቅ ያድርጉት፤ ልጆች በሚሮጡበት ግቢ እሾሁ ቀላል አይደለም። ሲከረክሙ ወፍራም የቆዳ ጓንት ያድርጉ፣ ቁርጥራጩንም ከሣሩ ላይ ለቅመው ይጨርሱ። ላዩን እንደ አጥር ከመላጨት ያረጁትን ግንዶች ከሥራቸው መቁረጥ ይሻላል። ብርሃን ውስጡ ሲገባ ቀለሙም ያምራል።

ቀይ ፍሬ ካፈራ ወፍ ሳይለቅመው ይቁረጡት። ይህ ተክል በሰሜን አሜሪካ ከግቢ አምልጦ ጫካ ወርሯል። እኛ ደግሞ ዘጌን የመሰለ የገዳም ደን አጠገባችን አለ፤ ወፉ የት እንደሚጥለው አናውቅም። የስንዴ ማሳ በቅርብ ካለ የቅጠሉን ጀርባ ያገላብጡ። ብርቱካናማ፣ ጽዋ የመሰሉ ጥቃቅን ነጥቦች ካዩ የግንድ ዋግ ሊሆን ስለሚችል ለግብርና ባለሙያ ያሳዩ። የባርቤሪ ወገን ይህን የስንዴ በሽታ ሊያስጠልል ይችላል። አሜሪካኖች ረጅሙን ተራ ባርቤሪ ከእ.ኤ.አ. 1918 ጀምሮ በዘመቻ የነቀሉት በዚሁ ምክንያት ነበር። የጃፓኑ ድንክ በአብዛኛው ይቋቋመዋል፤ በደጋችን የሚበቅለው የአገር ቤት ዘመዱ ዝንቅላ ግን በሽታውን ተሸክሞ ተገኝቷል።

ለእህትዎ የሚሆነውን አሁኑኑ መጀመር ይችላሉ። ዘር አይዝሩ፤ ከዘር የሚወጣው ሁልጊዜ ቀይና ድንክ አይሆንም። ፀሐይ ላይ ካሉት ጤነኞች ዘንድሮ ያደገና ከሥሩ ጠንከር ማለት የጀመረ ቅርንጫፍ ይምረጡ። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን፣ ከአሮጌው እንጨት ትንሽ ልጣጭ ይዞ እንዲወጣ ወደ ታች ሳብ አድርገው ይገንጥሉት። የታችኛውን ግማሽ ቅጠልና እሾህ ያራግፉ። እኩል አሸዋና ኮምፖስት በሞላ ማሰሮ ውስጥ ይትከሉት። የታችኛው ግማሹ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ከድነው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፤ አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል። ቀስ ሲያደርጉ የማይነቀል ከሆነ ይዟል። ሁሉም ስለማይዝ ከሚፈልጉት ቁጥር እጥፍ ይትከሉ። ለእህትዎ የሚሰጡት ግን ማሰሮው ውስጥ ከርሞ፣ በሚቀጥለው መስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲያባራ ይሁን።