«ቃሉን ሰጥቷል» ያልሽው ነገር አሳስቦኛል

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜን ማታ ሁለት ሰዓት ግድም ፖሊሶች ከቤት ወሰዱት። ወረቀት አላሳዩንም። ስልኩንና ላፕቶፑንም ይዘው ሄዱ። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ስንጠይቅ «የጸጥታ ጊዜ ነው» ይሉናል። ንጹህ ስለሆነ ቃሉን ሰጥቷል። ግሩፓችን ላይ ያለውም ተራ ወሬ ነው። ፖሊስ እንዲህ ማድረግ ይችላል? ስልኩንስ እንዴት እናስመልስ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝን ቶሎ ልመልስና ወዳልነገርሽኝ ልለፍ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የማይቆጠረው የመንገዱ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ አልተለዩም። ለብርበራም በመርሕ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልጋል። ልዩ ሁኔታዎች ስላሉ እነሱን ጠበቃ ይያቸው። 48 ሰዓቱ ስላለፈ ለፍርድ ቤት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ (ያለ ሕግ የታሰረ ሰው ይፈታ የሚል ጥያቄ) ይቀርባል። ዛሬ ነገ አትበሉ።

«የጸጥታ ጊዜ» የሚባል ሕግ የለም። በሐምሌ 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሰው መያዝን ፈቅዶ ነበር። በኋላ ለአራት ወር ተራዝሞ በ2016 ግንቦት መጨረሻ ጊዜው አበቃ። አዋጁ ሄዶ ልማዱ ቀረ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። «ትዕዛዙን አሳዩን» የሚል ሲጠፋ፣ ለጊዜው የተሰጠ ሥልጣን የዘወትር ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው። «ቃሉን ሰጥቷል» ብለሽ እንደ ዋዛ አለፍሽው። ምን ብሎ? ማን ፊት? ፈርሟል? የስልኩን ፓስዎርድስ ሰጥቷል? አልነገርሽኝም፤ ጉዳዩ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው።

ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ «ንጹህ ነኝ፣ ምን እፈራለሁ» የሚለው ነው። ንጹህ ሰው ብዙ ያወራል። «አዎ፣ እዚያ ነበርኩ፤ ግን ምንም አላደረግኩም» ይላል። ዓቃቤ ሕጉ የሚያሰምረው «እዚያ ነበርኩ» የምትለዋን ነው። ከዚያ በሌሊት፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ፣ «ፈርምና ትሄዳለህ» ይሉታል። ከወረቀቱ ግርጌ «ቃሌ ተነቦልኝ ትክክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሳያነብ ይፈርማል። ወደ ቤት ግን አይሄድም።

ወንድምሽ ዝም የማለት መብት አለው። ፖሊስም ይህንን ሊነግረው ግዴታ አለበት። ስሙንና አድራሻውን ይናገር፤ ለቀረው «ጠበቃዬ ሲመጣ» ይበል። ያላነበበውን አይፈርም። ዳኛ ፊት ወስደው ቃሉን እንዲደግም ከጠየቁት ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቅ፤ እዚያ «አዎ፣ አድርጌያለሁ» ብሎ የሰጠው የእምነት ቃል ክብደቱ ሌላ ነው። በግዳጅ የተገኘ ቃል በማስረጃነት አይያዝም፤ መገደዱን ማስረዳት ግን ከባድ ነው። ተመትቶ ከሆነ መጀመሪያ በቀረበበት ቀን ለዳኛው ይናገር፣ ሕክምናም ይጠይቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። «ግሩፓችን» ብለሻል። ስለዚህ አንቺም አለሽበት። ይህን መደበቅሽ አይጠቅምሽም፤ ለጠበቃሽ ሳትሸራርፊ ንገሪው። ከግሩፑ ምንም እንዳታጠፊ! ማስረጃ አጠፋሽ ተብሎ ሌላ ጣጣ ይመጣል። «ላስረዳላቸው» ብለሽም ብቻሽን ጣቢያ አትሂጂ።

ዛሬውኑ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የጣቢያውን ስም፣ የመርማሪውን ስምና የምርመራ መዝገብ ቁጥሩን ጻፊ። ማታ ቤት የነበሩ ጎረቤቶችን ስም ያዢ። የተወሰዱ ዕቃዎች ዝርዝር ተሰጥቷችሁ ከሆነ ፎቶ አንሺው፤ ካልተሰጣችሁም ያንኑ ለጠበቃው ንገሪ። አንቀጽ 21 ቤተሰብም ጠበቃም እንዲጎበኘው ይፈቅዳል። ከከለከሏችሁ ማን እንደከለከለና መቼ እንደሆነ መዝግቢ።

ፍርድ ቤት ሲያቀርቡት ፖሊስ የምርመራ ጊዜ ይጠይቃል። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን ሕጉ አልወሰነም። የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ጠበቃ ይኑር የምለውም ለዚህ ነው። አቅም ከሌላችሁ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ እዚያ ጠይቁ።

ስልኩ ይቆይ። ማስረጃ ተብሎ የተያዘ ዕቃ የሚጠየቀው በጽሑፍ ማመልከቻ ነው፤ እሱንም ጠበቃው መዝገቡን ካየ በኋላ ያቅርበው።